ግማሹን ያነበብኩት ደብዳቤ

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እህቴ የትልቋን ልጇን ፀጉር እየሠራች ነው። ልጅቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታንጎላጃለች፤ እናቷ ከኋላዋ ሶፋው ላይ ሆና ጣቶቿ ቅባት በቅባት ሆነዋል። ጅማ እንደ አመሏ ፀሐይ ስታወጣ ውላ ድንገት ዝናቡን ስለለቀቀችው ቆርቆሮው ከላያችን ይንጫጫል፤ እየጮህን ነው የምናወራው። በዚህ መሐል ስልኬ ጢው አለ። ከፍቼ ሳየው ገና ከላይ ያለችዋን የካናዳ ኢሚግሬሽን ቀይ የቅጠል ምልክት እሷ ከሩቅ አየቻት። ልጆቿን ይዛ ባሏ ወዳለበት ካናዳ ለመሄድ ሰባት ወር ሙሉ የጠበቀቻትን ምልክት እንዴት ትስታለች?

"ጋሼ፣ እጄ ቅባት ነው፤ አንተው አንብብልኝ" አለችኝ።

አነበብኩላት። ግማሹን።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ነገሩ አልፏል፤ በኛ ቤት ማንም ስለሱ አያነሳም። እኔን ግን ክፍል ገብቼ ጠመኔ ሳነሳ ሳይቀር ይመጣብኛል፤ ምክንያቱም የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው። እንጀራዬ ሌላው የጻፈውን ለሌላው ማስረዳት ነው። ያን ቀን ግን የገዛ እህቴ ያመነችኝን ደብዳቤ እያየሁ ሌላ ደብዳቤ ከአፌ አወጣሁ።

"ሰው አልሞተም"

ከዚያ ቅዳሜ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ የካቲት 2015 ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ባሏ ደወለ። ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ አላነሳሁም። ደግሞ ደወለ። በሦስተኛው ከክፍል ወጣሁ። ካናዳ ውስጥ ቶሮንቶ አጠገብ ነው የሚኖረው፤ ያን ሰዓት እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑን ሳሰላ ሆዴ ቀድሞ ፈራ።

"ጋሼ፣ ሰው አልሞተም" አለኝ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ቅዳሜ ማታ የጓደኛው ልጅ ክርስትና ነበር። በልተዋል፣ ጠጥተዋል፣ ጨፍረዋል። ሌሊት ላይ ሁለት እንግዶች ጭኖ ወደ ቤት ሲመለስ ፖሊሶች መንገድ ዘግተው መኪና በመኪና እየፈተሹ ደረሰ። ሽታ አሸተቱ፤ ንፋ አሉት፤ ነፋ። ከዚያ ጣቢያ ወስደው በሌላ መሣሪያ ደጋግመው አስነፉት። እዚያ አገር መስመሩ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 80 ሚሊ ግራም አልኮል ነው፤ እሱ መስመሩን አልፏል። ሲነጋ ፍርድ ቤት የሚቀርብበትን ቀን የያዘ ወረቀት ሰጥተው ለቀቁት። መኪናው ለ7 ቀን ተያዘ፤ መንጃ ፈቃዱ እዚያው ለ90 ቀን ታገደ። ሥራው ደግሞ በመኪና ዕቃ ማድረስ ነው።

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁ አልተቆራረጠም። የተቆራረጠው መጨረሻ ላይ ነው። "ለእሷ እንዳትነግራት። እኔ ራሴ በጊዜው እነግራታለሁ። በልጆቼ ይዤሃለሁ።"

"እሺ" አልኩ። ይቺን "እሺ" ያልኩባት ፍጥነት አሁን ድረስ ትገርመኛለች። አላሰብኩም፤ አልተከራከርኩም። ገበና መሸፈን እንደ ጥሩ ሥራ ተቆጥሮልን ያደግን ሰዎች ነን። የሰውን ጥፋት አይቶ ዝም ያለ "ጨዋ" ይባላል፤ የተናገረ ደግሞ "አፈ ቀላል"። እኔም ጨዋ ሆንኩ።

የቅጣቱ ጣሪያ

የዚያን ሰሞን ማታ ማታ የማነበው ስለ ካናዳ ሕግ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ነገሩን አቅልዬው ነበር። ገንዘብ ይቀጣል፣ መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል፣ ያልቃል አልኩ። ቅጣቱን ብቻ ላየ ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው ጥፋተኛ ከተባለ ትንሹ ቅጣት 1,000 ዶላርና የአንድ ዓመት የመንዳት እገዳ ነው። እዚህ አገርም ቢሆን ሰው እንዲህ ያለውን "ትራፊክ ያዘው" ብሎ ያልፈዋል።

ነገሩ የተቆለፈው ሌላ ቦታ ነው። ካናዳ ጠጥቶ ማሽከርከርን የሚመለከተውን የወንጀል ሕጓን ስታጠብቅ፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ጀምሮ፣ ጥፋቱ ሊያስፈርድ የሚችለው ከፍተኛ እስራት ከ5 ዓመት ወደ 10 ዓመት ከፍ አለ። ከፍተኛው ነው እንግዲህ፤ ማንም እሱን 10 ዓመት ሊያስረው አላሰበም። የኢሚግሬሽን ሕጉ የሚያየው ግን የቅጣቱን ጣሪያ ነው። ጣሪያው 10 ዓመት የሆነ ወንጀል "ከባድ ወንጀል" ከሚባለው ክፍል ይገባል። ዳኛው 1,000 ዶላር ብሎ ቢያሰናብትህም ከባድነቱ አይቀነስም። አቃቤ ሕጉ ነገሩን በቀላሉ የክስ ሥርዓት ቢያስኬደው እንኳ፣ በከባዱም መከሰስ ይቻል ነበርና ለኢሚግሬሽኑ እንደ ከባዱ ይቆጠራል።

እሱ ዜግነት የለውም፤ ያለው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ጥፋተኛ ቢባል ያ ፈቃድ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ከአገር ይውጣ የሚል ትእዛዝ ሊመጣበት ይችላል። የተፈረደበት እስራት 6 ወር ካልደረሰ ይግባኝ የማለት መብት አለው፤ ግን ይግባኝም በቀን አይቆረጥም፤ የመውጫ ትእዛዝ ያለበት ሰው ደግሞ ቤተሰብ ስፖንሰር ማድረግ አይችልም።

ያልጠበቅኩት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው ነው። ለካ ጥፋተኛ እስኪባል መጠበቅም አያስፈልግም! ስፖንሰር አድራጊው ጣሪያው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ወንጀል ከተከሰሰ፣ ክሱ እስኪቋጭ ድረስ "ቤተሰቤን በኃላፊነት እወስዳለሁ" ብሎ የፈረመው ግዴታ አይጸድቅም። ክሱ ብቻ ይበቃል። አንድ ሌሊት ቶሮንቶ ዳር መንገድ ላይ የተነፋ ትንፋሽ፣ ኮቺ ሰፈር ተከራይታ የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊና ሁለት ሕፃናት ፋይል ላይ ሄዶ ያርፋል። ከ2018ቱ ለውጥ በፊት ቢሆን ጣሪያው 5 ዓመት ስለነበር ይህች መስመር አትነካቸውም ነበር።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 በሰጠው ውሳኔ፣ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት የሚታይ የወንጀል ክስ ከ18 ወር በላይ እንዳይጓተት ገደብ አድርጓል። ሳነበው መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ትንሽ ቆይቼ ግን ይህ ማለት 18 ወርም ሊፈጅ ይችላል ማለት መሆኑ ገባኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ በየቡና ቤቱ የሚወራው ስለሚያናድደኝ ነው። "አሜሪካም ካናዳም ያው ነው" ይባላል። አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጉዳት ሳይደርስ አንድ ጊዜ ጠጥቶ በመንዳት መያዝ ለብቻው በሕግ በር የሚዘጋ አይደለም። እነሱ ነገሩን በሐኪም በኩል ነው የሚያዩት፤ ቪዛ ጠያቂው ባለፉት 5 ዓመታት አንድ ጊዜ፣ ወይም በ10 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ በዚህ ከተያዘ፣ ቆንስላው ከመጠጥ ጋር ያለውን ነገር እንዲመረምር ወደ ተመደበለት ሐኪም ይመልሰዋል። ካናዳ ደግሞ ጠጪው ስፖንሰሩ ሳይሆን አመልካቹ ከሆነ የባሰ ነው። እዚህ ጅማ የተፈረደበት ሰው እዚያ እንደተፈረደበት ተመዝኖ ይታገዳል፤ አብረውት ያመለከቱ ቤተሰቦቹም አብረውት ይቀራሉ፤ ቅጣቱን ከጨረሰ 5 ዓመት ሳይሞላው ታርሜያለሁ ብሎ እንኳ ማመልከት አይችልም። የኛ ጉዳይ ከዚህ ይሻል ነበር። እህቴ ላይ ምንም አልተገኘም። ቆማ የቀረችው በሰው ጥፋት ነው፤ ያውም በማታውቀው።

ቻርጅ

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ።

ደብዳቤው የመጣው ለእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ እንዳየው ወደኔ አስተላለፈው። በዚህ መሐል አንድ ነገር አድርጎ ነበር፤ ላመሰግነው የምፈልገው በሱ ብቻ ነው። ዘመዶቹ "ዝም በል፤ ፎርሙን ስትሞላ አልተከሰስክም ነበር፤ ማን ያውቃል?" ሲሉት ጠበቃውን ሰምቶ ክሱን ራሱ ለኢሚግሬሽኑ አሳወቀ። ባይነግራቸውና ቢደረስበት፣ እዚያ አገር ዋናውን ነገር መደበቅ ለብቻው ለ5 ዓመት ከአገሩ ያሳግዳል። ከመጠጡ ይልቅ ውሸቱ ይከብድ ነበር ማለት ነው። እናም ደብዳቤው የእውነቱ መልስ ነበር፤ ያለብህ የወንጀል ክስ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪያገኝ የስፖንሰርነት ግዴታህ አይጸድቅም ይላል። አጭርና ግልጽ እንግሊዝኛ፤ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሚከብድ አይደለም።

እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የማነበው፤ የመምህር አመል ነው። "ቻርጅ" የምትለዋ ቃል አምልጣኝ ጮክ ብላ ወጣች። ዝናቡ ምነው ያኔ ባሰ!

እህቴ ሚዶዋን አቆመች። "ቻርጅ ምንድን ነው? ክፈሉ ነው የሚሉት?"

ይቺን ቃል በየዓመቱ አስተምራታለሁ። ሰሌዳ ላይ እጽፋታለሁ፤ ስልክ መሙላት፣ ዋጋ ማስከፈል፣ ወንጀል መክሰስ፤ ሦስት ፍች ያላት ቃል። ተማሪዎቼ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያውቋቸዋል፤ አማርኛችን ውስጥ ገብተዋልና። ሦስተኛውን እኔ ነኝ የምነግራቸው። እህቴ ያልደረሰችበት ሦስተኛው ነው። ሁለተኛውን ራሷ ይዛ መጣችና አቀበለችኝ። ውሸቱን ለመፍጠር እንኳ አልደከምኩም።

"አዎ፣ የክፍያ ነገር ነው። እስኪጠናቀቅ ታገሡ ይላል።"

"ስንት ነው?"

"እሱ ይከፍለዋል፤ አንቺ አትጨነቂ።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አልገባትም፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ግን ያየችኝ እሷ ብቻ ስለነበረች እስካሁን ዓይኗ ትዝ ይለኛል። እህቴ ሚዶዋን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች።

አምስት ሳምንት አለፈ። እህቴ ልክ እንደ ድሮዋ ናት፤ ገንዘብ ለምን እንደቀነሰባት ግን ግራ ገብቷታል። እሱ ሥራ ቆሟል አላላትም፤ "ክረምቱ ከባድ ነው" እያለ ያልፋታል። ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ከጅማ መርካቶ በቀጥታ ቤቴ መጣች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። 40 ሺህ ብር።

"ይኸው፣ ቻርጁን ክፈሉት" አለችኝ። "እሱ እንደቸገረው ገብቶኛል። ዕቁቤን ቀድሜ ወሰድኩ።"

ዕጣዋ የሚደርሰው ለኅዳር ነበር። ለባለ ዕጣዋ ሴትዮ 2 ሺህ ብር ጨምራላት ተራ ተለዋወጠች። አንድ የሱሪ እግር ለማሳጠር ስንት እንደምታስከፍል ስለማውቅ 2 ሺህ ብር ስንት እግር እንደሆነ ሳልፈልግ ማስላት ጀመርኩ። ብሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከመቶ ብሮቹ መሐል ላብ የጠጡ፣ በስኮች የተጣበቁ አሉ።

እዚህች ቅጽበት ላይ ነው ብዙ የምቆየው። እውነቱን ልናገር አይደለም መጀመሪያ ያሰብኩት። መጀመሪያ ያሰብኩት ብሩን ተቀብዬ ባንክ አስቀምጬላት፣ በኋላ "ተመላሽ ሆነ" ብዬ እንደምሰጣት ነው። በደንብ አሰብኩት፤ ደረሰኙን ምን እላታለሁ እስከሚለው ድረስ ሄጃለሁ። ውሸት ቤት ሲገባ ለራሱ ክፍል ይሠራል፤ ከዚያ ሳሎንም ያምረዋል። ያዳነኝ ጨዋነት አልነበረም። ፈርቼ ነው። ብሯን ከነካሁ ከዚያ ወዲያ ወንድሟ ሳልሆን ሌላ ነገር እንደምሆን ታወቀኝ።

"ክፍያ አይደለም" አልኳት። "ክስ ነው።"

አላለቀሰችም። እኔ እንድታለቅስ ፈልጌ ነበር መሰለኝ፤ ብታለቅስ አባብል ነበር። ጥያቄዎቿ አጫጭር ነበሩ።

"ሰው ገጨ?"

"አልገጨም።"

"ጠጥቶ ነው?"

"ጠጥቶ ነው።"

"ስንተኛ ጊዜው ነው?"

"የመጀመሪያ።"

ዝም አለች። ብሩን በጋዜጣው መልሳ ጠቀለለችው፤ ጫፉን እንደ ልብስ ጠርዝ አጥፋ አጥፋ። ከዚያ፦ "አንተስ? ስንተኛ ጊዜህ ነው?"

ያላነበብኩላት ሌላ ደብዳቤ እንዳለ ነው የጠየቀችኝ። ሌላ አልነበረም። ግን እንዴት ታምነኝ? አሁን የምናገረው ሁሉ ከዚያች "የክፍያ ነገር ነው" ጎን ተቀምጦ ነው የሚሰማው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ግን ከዚያ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ አምስት ሳምንት ቡና ጠጥቼባታለሁ።

"ጋሼ፣ አንብብልኝ አልኩህ እንጂ አስታርቀኝ አልኩህ?" ብላኝ ተነሳች።

ከአጋሮ ስንመለስ

በሱ ተናድጄ ነበር። ለብዙ ወራት ጣቴን ወደሱ ብቻ እየቀሰርኩ ቆየሁ። "ሁለት ልጅ እዚህ እየጠበቁት!" እል ነበር ለሚስቴ። እሷ አንድ ማታ እንዲሁ ወጥ እያማሰለች "ከአጋሮ የመጣንበትን ቀን ረሳኸው?" አለችኝ።

አልረሳሁትም። ያላነሳሁት እንጂ።

2012 ላይ፣ ኮሮና ከመምጣቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሁለተኛዋን ልጁን ለማየት መጥቶ ነበር። አጋሮ ያለ ዘመዳችን ሠርግ ላይ ሄድን፤ በተከራየው መኪና። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራና ቀኙ ቡና፣ መንገዱ መጠማዘዝ የሚወድ። ጠጅ ነበር፤ ቢራ ነበር። እሱ "እነዳለሁ" ብሎ ብርጭቆውን ሲሸፍን የሸፈነበትን እጅ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እኔ! "ካናዳ ሄደህ መጠጣት አስረሱህ እንዴ?" ብዬ። ሰው ሳቀ። ጠጣ። አንድ ይደገም አልን፤ ተደገመ።

ማታ ስንመለስ ከጎኑ ጋቢና ተቀምጫለሁ፤ ሚስቴና እህቴ ልጆቹን ታቅፈው ከኋላ። ጭጋግ ነበር። ፊት ለፊት መብራት የሌለው ጋሪ ብቅ ሲል ጠምዝዞ አዳነው። ቤት ገብተን "ይህ ልጅ እኮ ሰክሮም መሪ አይስትም!" እያልኩ ሳወራ ነበር። እንደ ሙያ። እንደ ጀግንነት። ያን ቀን ማንም አላስቆመንም፤ ማንም ንፋ አላለውም።

ለሱ ጥፋት ማስተባበያ እየፈለግኩለት አይደለም። ዐዋቂ ሰው ነው፤ ቁልፉ እጁ ላይ ነበር። ግን ካናዳ የለመደው ነው ስንል የነበረው ነገር ከየት እንደተለመደ አውቃለሁ። አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል፤ ይቺን አመል መሐል ላይ ቁጭ ብለን ያጨበጨብንላት እኛ ነን። ግብዣ ላይ የሚነዳውን ሰው ለይተን "ለሱ ለስላሳ ስጡት" ያልንበትን አንድ ቀን ባስብ ባስብ ላገኝ አልቻልኩም። ጎረቤታችን ሐጂ በሕይወታቸው መጠጥ ቀምሰው አያውቁም፤ ይህን ሲሰሙ "እናንተ ለእንግዳ የምትሰጡት ነገር መልሶ እንግዳውን ይበላዋል" ብለው ነበር። ያኔ ስቄ አልፌያቸዋለሁ።

ደብተሩ

እህቴ ከዚያ ሐሙስ በኋላ ሁለት ነገር አደረገች። አንደኛው፣ በዚያው ማታ ባሏ ጋ ደወለች። በር ዘግታ ነው ያወራችው፤ ምን እንዳለችው እስከዛሬ አላውቅም፤ እሱም አልነገረኝም። ድምጿ በሩን አልፎ ሲወጣ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ሳትነግረኝ የተሸከምከው ለኔ ብለህ አይደለም።"

ሁለተኛው፣ መርፌና ክር ከምትገዛበት ሱቅ አንድ ደብተር ገዛች። ሽፋኑ ላይ ምንም አልጻፈችም። ውስጡ ግን የፋይል ቁጥር፣ የክሱ ቀጠሮ ቀን፣ ጠበቃው ያለው፣ ሜዲካሉ የሚያልቅበት ቀን። ሜዲካሉን ጥር ላይ አዲስ አበባ ሄደው ተመርምረው ነበር፤ የሚያገለግለው ለ12 ወር ብቻ ነው። ክሱ ከዚያ ካለፈ እንደገና 350 ኪሎ ሜትር፣ እንደገና አልጋ፣ እንደገና ለሦስት ሰው ክፍያ። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ እኔ ሕግ ሳነብ እሷ ሒሳብ ሠራች። ዕቁቡን ለዚያ አስቀመጠችው። እንደፈራችውም ሜዲካሉ አለፈበት።

ቃላትም ትጽፋለች። ከልጅቷ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ትጀምራለች፤ ከስልኳ ላይ ትሰማለች። እኔን አትጠይቅም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ልጅቷ እንዳሳየችኝ፣ "ቻርጅ" አለች፤ ሦስት ፍች ከፊቷ ተደርድረው። ሦስተኛው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ክሱ 17 ወር ፈጀ። ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ጠበቃ፣ ደግሞ ቀጠሮ። ሐምሌ 2016 ላይ አቃቤ ሕጉ በግዴለሽነት ማሽከርከር የሚለውን ጥፋት እንዲያምን ተስማማና የወንጀል ክሱን አነሳ። ያኛው በክፍለ ግዛቱ የመንገድ ሕግ የሚታይ ደንብ መተላለፍ ስለሆነ ከወንጀል ሕጉ ውጭ ነው፤ ኢሚግሬሽኑም ከወንጀል አይቆጥረውም። ገንዘብ ተቀጣ። ሁሉም ሰው እንዲህ አይወጣም፤ የማሽኑ ቁጥር ከፍ ያለበት፣ ሰው የጎዳበት፣ ሁለተኛው የሆነበት ሰው ይህን በር አያገኘውም። እሱም ያውቀዋል። መጠጥ ትቷል አልልም፤ አላውቅም። ክርስትና ሲጠራ በአውቶቡስ እንደሚሄድ ግን ነግሮኛል።

ባለፈው ጥቅምት እንደገና ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ነበርኩ። በዚህ ጊዜ ዝናብ አልነበረም። ትንሿ ተራዋ ደርሶ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች፤ ትልቋ ከጎን ሆና ቅባቱን ይዛላታለች። 2 ሺህ ብሯን ልመልስላት ይዤ ነበር፤ ሦስተኛ ሙከራዬ ነው፤ አልተቀበለችኝም። የሷ ስልክ ጢው አለ። አድራሻውን ከኔ ኢሜይል ወደ ራሷ ካዞረችው ቆይቷል።

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ከፈተችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ መስመር፣ ሌላ መስመር። ሦስተኛው ላይ ቆመች፤ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ እንደገና ጀመረች። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ። እጄን ምን ላድርገው?

"ጋሼ፣ 'ሪዚዩም' ምንድን ነው?"

"ካቆሙበት መቀጠል።"

"ሌላ ፍች አለው?"

"አለው፤ ሥራ ስታመለክቺ የምታስገቢው የሕይወት ታሪክም እንደሱ ነው የሚጻፈው። እዚህ ግን መቀጠል ነው።"

ጥቂት አሰበችና ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ስልኩን ግን አልሰጠችኝም።